ጠባቂው ልጅ ወዴት ያያል?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰው ምንም የማይጠቅመውን ነገር፣ ያውም አንገቱን ሊያሰብረው የሚችለውን ነገር፣ መማር አለበት ወይ? “የማይጠቅም ከሆነማ ምን ያደርግለታል!” የሚለው መልስ ከአፋችሁ ቶሎ እንደሚወጣ አውቃለሁ። እኛ አገር “ምን ይጠቅምሃል?” የምትባል ጥያቄ አለች። ልጅ ሆነን ከቤት ስንወጣ በር ላይ ትጠብቀናለች፤ ሸምግለንም አትለቀንም።

ነገሩን ያነሳሁት ዌክቦርድ የሚባለውን ስፖርት አይቼ ነው። ላላያችሁት እንዲህ ነው። ልጁ ሁለት እግሩን ሰፋ ባለ ጣውላ መሳይ ነገር ላይ ያስራል። ሞተር ጀልባ በረጅም ገመድ ይጎትተዋል፤ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲብስም ከዚያ ፈጠን ብሎ። ጀልባዋ ስትሄድ ውሃውን እንደ ማረሻ ትሰነጥቀውና ከኋላዋ በግራና በቀኝ ጉብታ ይነሳል። ልጁ በዚያ ጉብታ ላይ ተንደርድሮ ይወጣና አየር ላይ ይገለበጣል፤ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ራሱ ወደ ውሃ። ከዚያ እግዜር ካለ በእግሩ ያርፋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሰርፍ ጣውላን በጀልባ ከመጎተት ጀምረው ነው እዚህ ያደረሱት። ከመገለባበጦቹ አንዱን “ታንትረም” ብለውታል፤ ሕፃን ልጅ የፈለገውን ሲከለከል ወደ ኋላ ተንጋሎ የሚፈራገጠውን ማለት ነው። (የእኛም ልጆች ሱቅ በር ላይ ይሠሩታል፣ ያለ ጀልባ።)

ከትምህርቱ ግን አንድ ነገር ገርሞኛል። ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ስለሚዘገይ ሳይሆን ስለሚቸኩል ነው። ጉብታው ገና ወደ ላይ ሳያነሳው ራሱን ወደ ኋላ ይወረውራል። የሚያስቸኩለው ፍርሃት ነው፤ ሰውነቱ “በቃ ይለፍልኝ” ይላል። ከዚያ በጀርባው ወይ በፊቱ ውሃው ላይ ይጠፈጠፋል፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ውሃ ሲሚንቶ ነው። አሠልጣኙ የሚለው “ጠብቅ፤ ጫፉ ላይ እስክትደርስ ጠብቅ፤ እጀታውንም ከወገብህ አታርቀው” ነው። ቀላል ምክር ይመስላል። ልጁ የሚገባው ግን ደጋግሞ ከተጠፈጠፈ በኋላ ነው፤ ከመጠፍጠፍ ውጪ ሌላ የመማሪያ መንገድ አልተገኘም።

ባሕር ዳር ላይ ዌክቦርድ አላየሁም። መገልበጡን ግን አይቻለሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከሐይቁ ዳር መንገድ ራቅ ብላችሁ ሂዱ። ከታሰረች የብረት ጀልባ አፍንጫ ላይ ልጆች ተራ ይዘው ቆመዋል። አንዱ ይንደረደራል፣ ይነሳል፣ ይገለበጣል፣ ጠፋ! ራሱ ብቅ ሲል ጓደኞቹ ወይ ያጨበጭባሉ ወይ ይስቁበታል። ልብሳቸው ድንጋይ ሥር ተደብቋል። ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ፀጉራቸውን በደንብ ያደርቃሉ፤ ቆዳቸውንም ቅባት ያገኘ ይቀባል። ምክንያቱም እናት የራሷ ላቦራቶሪ አላት። ክንዱን በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች፤ ነጭ መስመር ከወጣ ልጁ ውሃ ገብቷል፣ ዱላው ይከተላል። ይህን ምርመራ ያላለፈ ወንድ ልጅ አገራችን ውስጥ ስንት አለ?

እንግዲህ ይኸው መገልበጥ ባለ ሞተሩ ልጅ ሲሠራው ስፖርት ነው፣ የጣናው ልጅ ሲሠራው ዱርዬነት። በእርግጥ እኛም ሁልጊዜ አንቆጣም። ጥር 11 ቀን ጎንደር የአፄ ፋሲል መዋኛ ዘንድ ሂዱ። ውሃው ሲባረክ ወጣቶቹ ከግንቡ ጫፍ ላይ ይወረወራሉ፤ አንዳንዱም አየር ላይ ይገለበጣል። እልልታ ነው፣ ጭብጨባ ነው። በረከቱን አልነካም፤ የማወራው ስለ ዝላዩ ነው። ጥር 23 ቀን ደግሞ እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ሽምጥ ሲጋልቡ ብታዩ ከፈረስ መውደቅ ከጀልባ አፍንጫ ከመውደቅ የቀለለ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ያንን ግን ቅርስ እንለዋለን፣ እንኮራበታለንም። አደጋውስ እዚያም አለ። ልዩነቱ እዚያ አዋቂ ቆሞ ያያል፤ ጣና ዳር ያለው ልጅ የሚገለበጠው አዋቂ እንዳያየው ተጠንቅቆ ነው።

ይህን ሁሉ ባሕር ዳር ለምትኖረው ለአጎቴ ልጅ ነገርኳት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አላት፤ ጥፍር መርማሪ ናት። እንጀራዋን እየጋገረች ዝም ብላ ሰማችኝና፣

“አንተ ልጅ የለህ” አለችኝ።

ምን ይመለሳል? ዝም አልኩ። ቀጠለች። ባለፈው ክረምት የሠፈራቸው አንድ ልጅ ሰጥሞ ሞቷል። አብረውት የነበሩት ጓደኞቹ ደንግጠው ልብሳቸውን አንስተው ተበተኑ። ለማንም አልተናገሩም፤ ቤት ገብተው ራታቸውን በሉ። ከመሸ በኋላ ነው አንደኛው ማልቀስ የጀመረው። “ከዚያ በኋላ ማን ይደርሳል?” አለች፣ ምጣዱን እየከደነች። “አየህ ጋሼ፣ እሱ ይገለበጥ ይሆናል። የምወድቀው እኔ ነኝ።”

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። በአደጋ ስለመጫወት የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ “ሕይወቱ የራሱ ነው” ይላሉ። የማን ሕይወት ነው የራሱ ብቻ የሆነው? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲሰጥም ብቻውን አይሰጥምም። ስለዚህ “ነፃነቱ ነው” ብዬ እሷን ላሸንፍ አልፈለግኩም። “ይጠቅመዋል፣ ትዕግሥት ያስተምረዋል፣ ቆራጥ ያደርገዋል” ማለትም ይቻል ነበር። ግን ይህ ያችን የበር ላይ ጥያቄ መልሶ ማንገሥ ነው። ልጁ የሚገለበጠው ቆራጥ ለመሆን አይደለም። አየር ላይ ተዘቅዝቆ ጣናን ከላይ፣ ሰማዩን ከታች የሚያይባት አንዲት ቅጽበት ስላለች ነው። እሷ በራሷ በቂ ናት ባይ ነኝ። ሰው በሚጠቅመው ነገር ብቻ ቢኖር ኖሮ ዘፈንም እስክስታም ባልኖረ።

ደግሞ ሌላም አለባት፤ ቢልሃርዚያ። ይህ እውነት ነው፤ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ የሚያድገው ዳር ዳሩን፣ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየቱ እኮ በዓለም የታወቀ ግኝት ነው። እናቶች ሳያውቁት መድኃኒቱን በእጃቸው ይዘውት ነበር። ነገር ግን በሽታው የሚገለበጠውን ልጅ ብቻ አይመርጥም። ልብስ አጣቢዋንም፣ ደንገል አጫጁንም፣ አሣ አጥማጁንም ይይዛል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል ነው፤ ችግሩ ልጁ ውሃ መግባቱን ከደበቀ ማን ይመረመራል? ጥፍር የፈራ ልጅ ሆዱን ሲያመውም “የበላሁት ነገር ነው” ይላል እንጂ እውነቱን አይናገርም።

ውሃ ዳር ተወልዶ ዋና የማያውቅ ሰው ስንት ነው! “የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው” የተባለው እንዲሁ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ዋኝቶ ከ59 ተወዳዳሪ 59ኛ ሲወጣ ዓለም ሳቀበት፣ እኛም አብረን ሳቅን። ከሳቅነው ውስጥ ውሃው ውስጥ ቢጥሉን መቶውን ሜትር የምንጨርስ ስንቶቻችን ነበርን?

ወደ ጀልባዋ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ዌክቦርድ በሚጎትት ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ይነዳል፣ ወደ ፊት ያያል። ሁለተኛው ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ፣ ወደሚጎተተው ልጅ ያያል። ሥራው ይህ ብቻ ነው። ልጁ ሲወድቅ “ወደቀ!” ብሎ ለነጂው ይናገራል። በካሊፎርኒያ ይህ ሰው እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል፤ ዕድሜውም ቢያንስ 12 ዓመት መሆን አለበት። ልብ በሉ፣ 12 ዓመት! ትልቅ ሰው እንኳን መሆን የለበትም። የሚፈለገው ዓይኑን ከውሃው ላይ እንዳያነሳ ነው።

ጣና ዳርም እኮ ጠባቂ አለ። ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ልጅ፣ ገና መዋኘት የማይችል ወይም ተራው ያልደረሰ፣ ልብሶቹ አጠገብ ይቀመጣል። ዕድሜውም ያው አሥር፣ አሥራ ሁለት ነው። የእኛው ጠባቂ ግን ጀርባውን የሰጠው ለሐይቁ ነው። ፊቱ ወደ መንገዱ ነው፤ የሚጠብቀው የሚመጣ ትልቅ ሰው ካለ “መጣ!” ብሎ ለመጮህ ነው። ያንን ልጅ ወደ መንገዱ ያዞረው ማነው? ጥፍራችን አይደለም ወይ? እኛ ስንከለክል መገልበጡ አልቀረም፤ የቀረው ወደ ውሃው የሚያየው ዓይን ነው። የአጎቴ ልጅ የነገረችኝን የሰጠመውን ልጅ ሳስብም ጓደኞቹ ክፉዎች አይመስሉኝም። ሮጠው የሸሹት ከውሃው አይደለም፤ ከእኛ ነው።

ይህን ስነግራት ወዲያው አልተቀበለችም። “እሺ፣ ማን ያየዋል? አንተ ከአዲስ አበባ ሆነህ?” አለች። ትክክል ናት፤ “ልቀቁዋቸው” ብሎ በአውቶቡስ መመለስ ቀላል ነው። መፍቀድ ማለት ቀልድ አይደለም፤ የሰው ሰዓት ይበላል። ድንጋይ የሌለበትን ቦታ የሚመርጥ፣ ጉማሬ የሚወጣበትን አቅጣጫ የሚያውቅ፣ መጀመሪያ ዋናውን፣ ከዚያ መጥለቁን፣ መገልበጡን መጨረሻ ላይ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። ሰርከስ የሚሠሩ ልጆቻችን እንኳን መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ከወገባቸው ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው ቆሞ ነው የሚጀምሩት።

ሠፈራቸው ቱሪስት ወደ ዘጌ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ አለ፤ ልጇን የክርስትና አባት ያህል ይወደዋል። እሱን አስጠራችው። ሰውዬው አሰበና እሑድ ከሰዓት ሥራ ከሌለ እንደሚወስደው ነገራት፤ ጀልባው ውስጥ ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬቶች ተከምረዋል፣ አንዱን ሳይለብስ ግን ውሃ አይነካም አለ። እስከዚያ ድረስ በር ተደግፎ ሲሰማ የነበረው ልጅ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

“ጋሼ፣ ጃኬት ለብሶ መገልበጥ ይቻላል?” አለኝ።

“ፈረንጆቹ እንደሱ ለብሰው ነው የሚገለበጡት” አልኩት።

“መገልበጡን ደግሞ ማን ፈቀደ?” አለች እናቱ ከማድ ቤት።