በአንበሳ በድን ውስጥ የተገኘ ማር

አንባቢ ሆይ! መከራ በደረሰብህ ጊዜ ወዳጆችህ መጥተው «ለበጎ ነው» ብለውህ ያውቃሉን? ይህስ ቃል በውኑ አጽናንቶሃልን? ብዙ ጊዜ አያጽናናም። ቃሉ ሐሰት ስለ ሆነ አይደለም፤ ያለ ጊዜው የተነገረ ስለ ሆነ ነው እንጂ። አንበሳ እያገሣ ሲመጣብህ ስለ ማር የሚያወራልህ ሰው ከአንበሳው አያድንህም። እንግዲህ በመከራ ውስጥ የተሰወረው በጎ ነገር መቼ ይገኛል? ማንስ ያገኘዋል? ይህን በአንድነት እንመርምር።

በመጽሐፈ መሳፍንት በ14ኛው ምዕራፍ የሶምሶን ታሪክ ተጽፏል። ሶምሶን ወደ ተምና ሲወርድ አንበሳ ተነሣበት፤ እርሱም መሣሪያ ሳይኖረው ታግሎ ገደለው። ከጥቂት ቀንም በኋላ በዚያው ሲያልፍ በድኑን ሊያይ ከመንገዱ ፈቀቅ ቢል ንብ ሰፍሮበት፤ ማርም ተሠርቶበት አገኘ። ከማሩም በላ፤ ለአባቱና ለእናቱም ሰጣቸው።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገር አስተውል። መጀመሪያ፤ አንበሳው አንበሳ ነበረ፤ መጽሐፉም ማር ብሎ አልጠራውም። ሁለተኛ፤ ማሩ የተገኘው በትግሉ ቀን ሳይሆን ተመልሶ ባየው ቀን ነው፤ ፊቱን አዙሮ ቢያልፍ ኖሮ ባላገኘው ነበር። ሦስተኛ፤ ያገኘውን ለብቻው አልበላም። ደግሞም ማሩን የሠራው በድኑ አይደለም፤ ከሩቅ አበባ ቀስማ ያመጣችው ንብ ናት። መከራም እንዲሁ ነው። ከራሱ ጣፋጭ ነገር አያወጣም፤ ነገር ግን የእግዚአብሔር ጸጋና የሰው ትጋት ማር ሊያኖሩበት የሚችሉ ባዶ ስፍራ ይከፍታል።

በአገራችንም ሽማግሎች የሚተርኩት ከዚህ ጋር የሚስማማ ተረት አለ። አንዲት ሴት የባልዋን ልጅ እንደ ልጅዋ ብትወደው ልጁ ግን ጠላት፤ ያበሰለችውን አልበላም፤ ስትጠራውም አልሰማም አለ። እርስዋም አልቅሳ ወደ አንድ ብልህ ሽማግሌ ሄደችና መድኃኒት ለመነችው። እርሱም «ከሕያው አንበሳ ሪዝ ሦስት ጠጉር አምጪልኝ» አላት። ሴቲቱ ፈራች፤ ነገር ግን ሥጋ ይዛ ወደ በረሃ ወረደች። በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ ጥላ ሸሸች፤ በማግሥቱ ጥቂት ቀረበች፤ በየቀኑም እንዲሁ አደረገች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንበሳው ከእጅዋ በላ፤ እርስዋም ቀስ ብላ ሦስቱን ጠጉር ነቀለች። ወደ ሽማግሌው ባመጣች ጊዜ ጠጉሩን ወስዶ እሳት ውስጥ ጣለውና «አንበሳን እንዲህ ያለመደች ሴት አንድ ሕፃንን ታለምድ ዘንድ እንዴት ይሳናታል? ሂጂና እንዲሁ አድርጊ» አላት።

ወንድሜ ሆይ፤ እኅቴ ሆይ፤ መድኃኒቱ በአንበሳው ሪዝ ላይ አልነበረም፤ ወደ አንበሳው በተመላለሰችበት መንገድ ላይ ነበረ እንጂ። አንበሳውም ሊያስተምራት አላሰበም። የሚያስጨንቅህ ነገር ለአንተ በጎ እንዲያስብልህ አትጠብቅ፤ እርሱ ክፉ ቢያስብም አንተ ከእርሱ ትዕግሥትን ልትማር ትችላለህ።

ይህን ነገር በተረት ብቻ አንተወው። በአራዳ በኩል ስታልፍ ዓይንህን አንሥተህ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተመልከት። ከዓድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሩት ይህ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተቃጠለ። በአጠገቡ ያለው፤ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የተመረቀው የምኒልክ ሐውልትም ከስፍራው ወርዶ በመሬት ውስጥ ተቀበረ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ። እሳቱ ሲነድ ገና ሕፃን የነበረው አፈወርቅ ተክሌም አድጎ ያን ቤት በሥዕል አስጌጠው። ይህን ስል እሳቱን ማመስገኔ አይደለም፤ እሳቱ ክፋት ነበረ። ነገር ግን ሰዎች ወደ ተቃጠለው ስፍራ ስለ ተመለሱ ከአመዱ በላይ ውበት ተገኘ። «ፒያሳ» የሚለው ስም እንኳ በወረራው ዘመን የመጣ የጣሊያን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም አደባባይ ማለት ነው። ዛሬ ግን የአዲስ አበባ ልጅ የገዛ ሰፈሩን በፍቅር ይጠራበታል። እነሆ፤ በበድኑ ውስጥ ንብ ሰፈረ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ለከተማው ልማት ፈረሱ፤ ረጅም ዘመን በጉርብትና የኖሩ ቤተ ሰቦችም ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበተኑ። ከእነርሱ አንዱ ብትሆን «ይህ ማር ነው» አልልህም። አብረህ ቡና የጠጣህበት ደጃፍ ሲፈርስ ማልቀስ ነውር አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷልና። እንባህን ጨርሰህ፤ ቀኑም ሲደርስ፤ ፈቀቅ ብለህ ተመልከት። ጎረቤትህን ጎረቤት ያደረገው ግድግዳው ነበርን? ወይስ በሕመም ቀን የጠየቀህ፤ በሐዘን ቀን ድንኳን የተከለልህ ፍቅር? ግድግዳው ፈርሷል፤ ፍቅሩን ግን አንተ ካልጣልኸው ማንም አያፈርሰውም። በአዲሱ ሰፈርህ እንግድነት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠራህ አንተ ቀድመህ ጎረቤትህን ለቡና ጥራ። ይህ ከበድኑ የምታወጣው ማር ነው።

ተማሪ ሆይ፤ አንተም በፈተና ብትወድቅ በወደቅህበት ቀን አትፍረድ። ሐፍረቱ ሲበርድ ወረቀትህን ገልጠህ የሳትኸውን አንብብ። ብዙዎች ያን ወረቀት ቀድደው ይጥላሉ፤ የሚያስተምራቸውንም ነገር ሳያውቁ አብረው ይጥሉታል። ካነበብህና ከተማርህ በኋላ ግን እንደ አንተ የወደቀውን ባልንጀራህን አትርሳ፤ ከአጠገብህ አስቀምጠህ ያወቅኸውን አካፍለው።

አንባቢ ሆይ፤ መከራ ያልደረሰብህ ብትሆን ደግሞ ይህን ጽሕፈት የባልንጀራህን ልቅሶ ዝም ለማሰኘት አትጠቀምበት። ወደ እርሱ ስትሄድ ምሳሌ ሳይሆን እንጀራ ይዘህ ሂድ፤ ከአጠገቡም ተቀመጥ፤ አድምጠውም። በድኑን ራሱ ተመልሶ የሚያይበት ቀን አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አንበሳውን ለብቻው እንዳይታገል አብረኸው ሁን።

እግዚአብሔር አምላክ በትግሉ ቀን ኃይልን፤ በመመለሻው ቀን የሚያይ ዓይንን፤ ማሩም በተገኘ ጊዜ የሚያካፍል እጅን ይስጠን። አሜን።