«የኮሶ ሻጭ ልጅ»፦ ንባቡና አንድምታው

ንባብ። የኮሶ ሻጭ ልጅ። የቋራው ካሳ ኃይሉ ገና በረኻ ለበረኻ ሲንከራተት ባላንጣዎቹ መኳንንት ያወጡለት ስም ይህ ነበር። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ካረፉ በኋላ ኮሶ ሸጠው አሳደጉት ይባላልና። ስድቡን በሰዳቢዎቹ ልብ ስንፈታው፣ እናቱ ገበያ የተቀመጡበት ሰው ጦር አይመራም፣ አገርም አይገዛም ማለት ነው። ይህን ፍቺ በኅዳር 1845 ዓ.ም. የጉር አምባ ውጊያ አፈረሰው፤ ካሳን ሊቀጡ የዘመቱት የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በዚያ ወደቁ። በሰኔ የዘመኑ እንደራሴ ራስ ዓሊ አይሻል ላይ ድል ተነሡ። በየካቲት 1847 የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ተማረኩና ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ሰዳቢዎቹ ሳያውቁ ተሳሳቱ እንዳንል፣ ከጉር አምባ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1839፣ የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን ድል አድርጎ ማርኳቸው ነበር። በ1840 ደግሞ ደባርቂ ላይ በግብፅ መድፍ ተመትቶ ሲመለስ፣ ከሽንፈቱ የጦር ሥርዓትን ጥቅም ተምሮ ነው የተመለሰው። ማስረጃው በፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። ዓይናቸው ግን የእናቱ መደብ ላይ ቀርቶ ወደ ልጁ ሥራ አላለፈም።

አንድም። ኮሶውን የሚጠጣው ማን ነበር ቢሉ፣ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ፣ ይልቁንም ሰንጋ የሚጥለው መኰንን ነው። ኮሶ የሚያስወጣው ትል የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነውና፣ ጮማ የበዛበት ቤት ኮሶም ይበዛበታል። እንግዲህ ሰዳቢው የሚንቀው የሆዱን መድኃኒት የምታቀርብለትን ሴት ነው። ዛሬ ያንኑ ሥራ ነጭ ጋውን ለብሶ ከመስታወት ጀርባ የሚሠራ ሰው ይከበራል፤ መሬት ላይ ተቀምጠው የሠሩት እናት ግን ለልጃቸው መሰደቢያ ሆኑ። ሥራው አንድ ሲሆን ክብሩ የተለያየው በመቀመጫና በልብስ ከሆነ፣ የተመዘነው ሙያ አልነበረም።

አንድም። ነገሩን ትሉ ወደሚፈተሽበት ወደ ቄራ አውርደን እንየው። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት የተቋቋመው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚሁ ሥራ አገኘ። በዚያ በሬ ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ አንዱ ቅድመ ዕርድ፣ ሌላው ድኅረ ዕርድ ይባላል። በቁሙ ሳለ ሐኪሙ አረማመዱን፣ ዓይኑን፣ አተነፋፈሱን ያያል። ከታረደ በኋላ ደግሞ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡን፣ ትከሻውን በቢላ ከፍቶ ያያል። ስለምን ቢሉ፣ የኮሶ ትል እጭ ሥጋው ውስጥ የሚሸሸግ፣ መጠኑም የአተር ፍሬ ያህል የሆነ፣ በሬውን ግን ብዙውን ጊዜ የማያሳምመው ስለ ሆነ ነው። ጠጉሩ የሚያብለጨልጭ፣ ሻኛው የሞላ ሰንጋ በመንጋጋው ውስጥ እጩን ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ከሲታ በሬ ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው ዕይታ ከንቱ ነውን? ቢሉ፣ አይደለም። በግልጽ የታመመውን ከብት ከበር ይመልሳል፤ በሰውም ቢሆን፣ ሰካራም ሹፌርን ከመሪው የሚያርቁት በዓይን አይተው ነው። የመጀመሪያው ዕይታ ሥልጣን ግን እዚህ ላይ ያበቃል፤ በቁሙ አማረ ተብሎ ማኅተም የሚመታበት ሥጋ የለም። ሰው ላይ ሲሆን ይህን ገልብጠነው እናገኘዋለን፤ ባየነው ደቂቃ ማኅተሙን መትተን ሁለተኛውን ምርመራ እንተወዋለን። ለአንድ የሥራ ቦታ መቶ ሰው ሲያመለክት ጊዜ ከየት ይመጣል? የሚልም አለ። በአንድ ሌሊት ብዙ ከብት የሚያልፍበት ቄራ ግን ሥራ በዛብኝ ብሎ ምርመራውን እንዲዘል ሕጉ አይፈቅድለትም። ለምንበላው ሥጋ የማንተወውን ጥንቃቄ ለሰው እንጀራ ጊዜ አጣንለት ማለት ሚዛን የጎደለው ነገር ነው።

አንድም። ተሰዳቢውም በሰዳቢዎቹ ሚዛን ገባ። ለእኔ ከፍቺዎቹ ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። የካሳ አባት ከቋራ ባላባቶች ወገን ነበሩና፣ ስድቡ በትውልድ ሚዛን እንኳ ግማሽ እውነት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ዘውዱን በሥራ ካገኙት በኋላ ትውልዳቸውን ከዳዊትና ከሰሎሞን ቆጠሩ፤ ሥራቸው ብቻውን መልስ ሊሆን ሲችል በሐረግ መለሱ። ንቀቱም ከእርሳቸው ጋር አልሞተም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ፣ ማረሻ የሚሠራውን ሰው ማረሻውን የሚይዘው ይሰድበው ነበር።

እነሆ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ። የቴዎድሮስ ፍጻሜ ጭካኔና መቅደላ አይደለምን? መኳንንቱ ያሉት ደረሰ አይባልምን? ጭካኔው እውነት ነው፤ ልንሸሽገው አይገባም። ነገር ግን ሰዳቢዎቹ ይህን አልተነበዩም፤ ያሉት አይችልም ነው እንጂ ይጨክናል አይደለም። ችሎታው በጉር አምባ፣ ጭካኔው በኋለኛው ዘመን፣ ሁለቱም በሥራ ተገለጡ። በእናቱ የኮሶ መደብ ላይ አንዱም አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ ይህ ተቃውሞ ለእኛ ይመሰክራል፤ ንጉሡን በሥራቸው የሚወቅስ ሰው ትክክለኛውን ሚዛን ይዟል።

ሌሊቱን ቄራ ሲሠራ አድሮ የወጣ ሠራተኛ ጠዋት ካዛንቺስ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቢቆም፣ መጀመሪያ የሚታየው ጫማው ነው። ስለዚህ ለመቅጠር የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ የአመልካቹን ልብስ፣ የመጣበትን ሰፈርና አነጋገሩን ከመመዘናችሁ በፊት የምትቀጥሩበትን ሥራ ግማሽ ቀን አሠሩት። ሹፌር ከሆነ ይንዳ፤ ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ የአንድ ወር መዝገብ ያመሳክር፤ ሥጋ ቆራጭ ከሆነ ብልት ያውጣ።