እንደደረሰኝ፣ ያለ ደረሰኝ



በሰባተኛ በኩል ወደ መርካቶ ገብታችሁ ዕቃ ገዝታችሁ ታውቁ ይሆናል። ለባለሱቁ ባለ 200 ብር ኖት ስትሰጡት ምን እንደሚያደርግ ልብ ብላችኋል? እያወራችሁትም ቢሆን ብሩን በጣቱ ይዳብሰዋል፤ ከጠረጠረ ደግሞ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። ይህን ሲያደርግ ሌቦች ናችሁ ማለቱ አይደለም። ሐሰተኛ ብር ከተቀበለ ኪሳራው የእሱ ነው፤ ዐውቆ ለሌላ ካሳለፈው ደግሞ ወንጀሉም የእሱ ይሆናል። «እኔ አላተምኩትም፤ ሰው ነው የሰጠኝ» ቢል የሚሰማው የለም።

ያው ባለሱቅ ግን ደንበኛው ዞር ሲል ስልኩን ያነሣል። በቴሌግራም አንድ ፎቶ ወይም አንድ የድምፅ መልእክት መጥቷል። ይህንን አይዳብሰውም፤ ወደ ብርሃንም አያነሣውም። «እንደደረሰኝ» ብሎ ለመቶ ሰው ያስተላልፈዋል።

ይህን የምጽፈው ባለሱቁን ለመውቀስ አይደለም። ያ ሰው እኔም ነበርኩ። ዛሬ አብራችሁኝ እንድታስቡበት የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቃሉን የፈጠርኩት እኔ ካልሆንኩ፣ የተቀበልኩትን ብቻ ለሌላ ካሳለፍኩ፣ በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂ ነኝ ወይ?

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የከፈትነው ከእሁድ ትምህርት የተረፈውን ጥያቄ እንድንጨርስበት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን የሁሉም ነገር መወያያ ሆነ። ስለ ሰርግ ወጪ እንከራከርበታለን፤ ስለ ስደት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ የቤት ሥራን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠራት ማታለል ነው አይደለም እያልን እናመሻለን። ግሩፑን እወደዋለሁ። በአዳራሽ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ልጅ እዚያ ላይ ከሁላችንም የተሻለ ሐሳብ ስትጽፍ አይቻለሁ። ስለዚህ «ስልካችሁን ጣሉ» የሚል ስብከት ከእኔ አትጠብቁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ከሌላ ግሩፕ አንድ ፎቶ ደረሰኝ። በሰባተኛ አካባቢ በጀርባው ዕቃ ተሸክሞ የሚኖር የአንድ ወጣት ፎቶ ነው። ከሥሩ «ይህ ልጅ ስልክ ሰርቆ ተሰውሯል፤ ያያችሁት ያዙት፤ ለሁሉም አዳርሱ» ይላል። ብዙዎቹ ልጆቻችን ከጥናት ሲመለሱ በዚያ መንገድ ነው የሚያልፉት። ፎቶውን ስልኬ ላይ አስቀምጬ፣ «ልጆች፣ ተጠንቀቁ» የሚል ቃል ጨምሬ፣ ለግሩፓችን ላክሁት። ከዚያ ራቴን በላሁ። ነገሩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ከአራት ቀን በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር ቡና የሚሸጡ እናት አስቆሙኝ። «መምህር፣ ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?» አሉና ስልካቸውን አሳዩኝ። ያው ፎቶ ነው። የእህታቸው ልጅ ኖሯል። ለአንድ ነጋዴ ዕቃ ተሸክሞ በሒሳብ ሳይስማሙ ተጣልተው ነበር፤ በዚያው ሰዓት የነጋዴው ስልክ ጠፋ። ስልኩ በማግስቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ከዕቃ ሥር ተገኘ። ከመገኘቱ በፊት ግን ሰዎች ልጁን ይዘው ደብድበውታል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የደረሰኝን ነው ያስተላለፍኩት» አልኋቸው።

ስልኩን እንደገና ወደ ዓይኔ አስጠጉት። ከፎቶው በላይ የእኔ ስም ተጽፏል። ቴሌግራም እንደዚያ ነው፤ የሌላውን ፎቶ አስቀምጣችሁ በራሳችሁ ስትልኩት፣ ከዚያ በኋላ የሚቀባበሉት ሰዎች ሁሉ ከእናንተ የመጣ መሆኑን ያያሉ። «ሌላው ሲልከው ማንም ልብ አላለውም፤ ያንተን ስም ሲያዩ ነው ያመኑት» አሉኝ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ክሱን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን ክሱ የጎደለውን ነገር ሰጥቼዋለሁ። የጎደለው አመኔታ ነበር። ለዓመታት ወጣቶችን ሳስተምር ያጠራቀምኩትን አመኔታ ከማላውቀው ሰው ለመጣ ቃል አበደርኩት። ማንም ሰው ወሬ ሲያስተላልፍ የሚጨምረው ይህንኑ ነው። እናታችሁ ከእናንተ የመጣውን መልእክት የምታምነው መልእክቱን መርምራ ሳይሆን ልጇን ስለምታምን ነው። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። እኔ የጨመርኩበት ስሜን ብቻ ነበር።

«ግን እኮ በቅን ልብ ነው ያደረግኸው» የሚለኝ ይኖራል። እኔም ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። ዊልያም ክሊፈርድ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ1877 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ አንድ ምሳሌ ጽፏል። አንድ ባለመርከብ መርከቡ ማርጀቷን ያውቃል፤ ማስመርመር ግን ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ «እስከ ዛሬ በሰላም ተጉዛለች» እያለ ጥርጣሬውን ያፍንና ከልቡ ያምናል። ስደተኞችን ጭኖ ይልካታል፤ መርከቧ ትሰጥማለች። ክሊፈርድ ይህ ሰው ከልቡ ማመኑ ነጻ አያወጣውም ይላል፤ እምነቱን ያገኘው በመመርመር ሳይሆን ጥርጣሬውን በማፈን ነውና። መርከቧ በሰላም ብትደርስ እንኳ ጥፋቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ አለመታወቁ ብቻ ነው። ክሊፈርድ ሃይማኖትን የሚተች ሰው ነበር፤ በዚያ አልከተለውም። በዚህ ነጥብ ግን ከእኔ ከመምህሩ ይልቅ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ የቀረበው እሱ ሆኖ አገኘሁት። የእኔ ፎቶ እውነት ቢሆን ኖሮስ? ያን ምሽት የሠራሁት ሥራ ያው ነበር። ሳልመረምር የሰው ስም አሳልፌ ሰጥቻለሁ።

ቃሉስ ምን ይላል? ዘጸአት 23፥1ን ክፈቱ። እዚያ የተከለከለው ሐሰትን መፍጠር ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛ ወሬን መቀበልና ከበደለኛ ጋር እጅን ማያያዝም ነው። ዘዳግም 17፥7 ደግሞ ሞት በተፈረደበት ሰው ላይ የመጀመሪያው እጅ የምስክሩ እንዲሆን ያዛል። የዚህን ሥርዓት ጥበብ አስቡ። በሰው ላይ የመሰከረ ሰው የምስክርነቱን ክብደት በእጁ እንዲይዝ ይደረግ ነበር። በስልካችን ላይ የጎደለው ይህ ክብደት ነው። በአውራ ጣታችን እንነካለን፤ የሚመታውን ሰው ግን አናየውም።

የእኔ ጥፋት በድብደባ አበቃ። ሁልጊዜ በዚህ አያበቃም። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ትግራዋይ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ስማቸውና ፎቷቸው ከከባድ ክስ ጋር በፌስቡክ ተሰራጨ። ቤተሰባቸው ክሱ ሐሰት ነው ይላል፤ ልጃቸውም ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለፌስቡክ አመልክቶ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው አጠገብ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ኩባንያው ምን ያህል ተጠያቂ እንደሆነ መዳኘት የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ስማቸው የሌለ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲደርሳቸው ተቀብለው ለሌላ የሚያሳልፉ፣ ከዚያም እንደ እኔ ራታቸውን የሚበሉ። ከመካከላቸው እሁድ እሁድ የሚዘምሩ አይኖሩም ማለት እንችላለን?

አገራችን ስለዚህ ጉዳይ ሕግ አላት። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛው መረጃ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱን ያከብዳል። ሕግ እንዲህ ይቆጥራል፤ መቁጠርም አለበት። የእኛ ግሩፕ ግን 140 ሰው ነው ያለው። ያን ልጅ የያዙት ሰዎች ደግሞ ከአምስት አይበልጡም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ያነሣችውም ከእናንተው አንዷ ናት። «መምህር፣ ሁሉን እስክናጣራ ዝም ካልን የተበደለ ሰው ድምፅ መቼ ይሰማል? ጉልበተኛው እኮ የሚፈልገው ዝምታችንን ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ዘሌዋውያን 5፥1 ያየውን ወይም የሚያውቀውን ነገር ለመመስከር ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው በደሉን እንደሚሸከም ይናገራል። ስለዚህ ዝምታ በራሱ ቅድስና አይደለም። ነገር ግን ምስክርነትና ወሬ ማሳለፍ ይለያያሉ። ምስክር «አየሁ» ይላል፤ ስሙን ይሰጣል፤ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ሲሳሳት ይታረማል። ወሬ አሳላፊ «ይላሉ» ይልና ሲጠየቅ «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ይሸሻል። የተበደለ ሰው የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን ነው። የሁለተኛው ብዛት እንዲያውም ይጎዳዋል፤ ከሐሰት ጋር ተቀላቅሎ የመጣ እውነት አብሮ ይጣላልና።

ይህንን በሰፈራችን አይተነዋል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው የዋሉበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። በደረሰኝ ቁጥጥሩ ነጋዴው እውነተኛ ጭንቀት ነበረው፤ ሊሰማ የሚገባው ጥያቄም ነበረው። ከዚያ ጋር ግን ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተቀላቀለ፤ የከተማው ገቢዎች ቢሮም ወሬው ሐሰት ነው ሲል አስተባበለ። ከዚያ በኋላ የሰው አፍ የያዘው የወሬውን እውነትና ሐሰትነት ሆነ፤ የነጋዴው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀረ።

ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። እትዬን ካገኘሁ በኋላ ያን ሌሊት ተንበርክኬ ንስሐ ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ቀላሉ ነበር። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል በጸሎት ብቻ አላበቃም፤ ያታለለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃስ 19፥8)። እኔስ ምን ልመልስ? መልእክቱን አጠፋሁት፤ ሰዎች የወሰዱት ቅጂ ግን አልጠፋም። በግሩፑ ላይ «የላክሁት ሐሰት ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህን ማስተካከያ ወደ ሌላ ያሳለፈው ሰው ግን ጥቂት ነው። ለእትዬ በደጃቸው፣ ቡና ጠጪው እየሰማ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁን ለማግኘት ስሄድ ሰባተኛን ለቆ ወጥቷል። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ይቅርታው ግን ልጁን ወደ ሥራው አልመለሰውም። እነዚህን ሁለት እውነቶች አብሮ መያዝ ከብዶኛል፤ አንዱን ጥዬ ሌላውን መያዝ ግን አልችልም።

ከዚያ ወዲህ በግሩፓችን አንድ ልማድ ተጀምሯል። ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። አንድ ወጣት ስለ አንዲት ዘማሪት መጥፎ ወሬ ልኮ ከሥሩ «እንደደረሰኝ» ብሎ ጻፈ። ያቺ በአዳራሽ አንገቷን የምትደፋ ልጅ «ደረሰኝስ አለው?» ብላ መለሰችለት። ሁላችንም ሳቅን፤ ልጁም መልእክቱን አነሣው። አሁን የሰውን ስም የሚነካ ነገር ሲመጣ አንዳችን ያንን እንጠይቃለን፦ ማን አየ? ስምህን ትፈርምበታለህ? ሰውየው እዚህ ቢኖር ፊቱ ላይ ትለዋለህ? መልስ ከሌለው እዚያው እኛ ጋ ይቆማል።

እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ አንድ ነገር ይመጣላችኋል። ከማሳለፋችሁ በፊት የሰባተኛውን ባለሱቅ አስቡት። በእጃችሁ ያለው ከ200 ብር የሚበልጥ ነገር ነው፤ የአንድ ሰው ስም ነው። እስቲ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት።

ለቡድን ውይይት

1. ሳታጣሩ ያስተላለፋችሁት፣ የሰውን ስም የነካ ነገር አለ? ለማን ማስተካከያ ልትነግሩ ይገባል?
2. ዘሌዋውያን 5፥1ን እና ዘጸአት 23፥1ን አብራችሁ አንብቡ። መናገር ግዴታ የሚሆነው፣ ዝም ማለት ግዴታ የሚሆነውስ መቼ ነው?
3. ይቅርታ ተደርጎልንም መመለስ የማንችለውን ጉዳት እንዴት እንሸከመው?