ትተናቸው ስለመጣነው እንስሳት

ልጆቼ፣ በ2023 በጥቅምት ወር ጦርነት ተነስቶ ከስዴሮትና ከኪርያት ሽሞና ሕዝቡ ሲወጣ በቴሌቪዥን እናይ ነበር። አንዲት ሴት ድመቷን ታቅፋ አውቶቡስ ስትሳፈር አየሁና፣ «ሰው እያለቀ ለድመት ይታሰባል እንዴ?» ብዬ አሾፍኩ። የልጅ ልጄ ዘወር ብላ፣ «አባባ፣ እናንተ ከጎንደር ስትወጡ ውሻ አልነበራችሁም?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዛሬ ልመልስላት።

ነበረን። ስሙ ነብሮ ነው። በ1984 ደርግ ካማጽያን ጋር እየተዋጋ፣ ረሀቡም ገብቶ ሳለ፣ በሌሊት ተደብቀን ወጣን። ከብቱን ሁሉ ባንዴ ወደ ገበያ ብንነዳ አገሩ ያውቅብን ነበር። ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች፣ ላሟንና ጥጃዋን በበረት ተውናቸው። ሰው ያለ እንዲመስል እሳቱንም አላጠፋንም። አህያዋ ስንቁን ጫነች። ውሻው ግን መከተሉ አይቀርም፤ ከተከተለ ይጮሃል፤ ከጮኸ ወታደሩም ሽፍታውም ይሰማል። ለጎረቤት አደራ እንዳልል ሚስጥሩ ይወጣል። ምን ላርግ? ውሃ አስቀምጬለት ከግራሩ ሥር በጠፍር አሰርኩት። ጩኸቱ ወንዙን እስክንሻገር ድረስ ይሰማን ነበር።

በልጅነቴ ያስተማሩኝ ቄስ፣ ኦሪት ሰንበትን ለሰው ብቻ እንዳልሰጠች፣ በሬውም አህያውም እንዲያርፉ እንዳዘዘች ነግረውኛል። የጠላትህ አህያ እንኳ ጭነት ከብዷት ብትወድቅ አልፈሃት አትሂድ ይሉን ነበር። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው ያሰርኩት።

ሱዳን ስንደርስ በኡም ራኩባ ሰው በየቀኑ እንቀብር ጀመር። በመንገድና በሱዳን ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ መታሰቢያቸው በሄርጽል ተራራ ቆሟል። በዚያ ሐዘን ፊት ስለ ውሻ ማውራት ነውር መሰለኝና አርባ ዓመት ያህል አፌን ዘጋሁ።

አሁን ሳስበው ሁለት ነገር ቀላቅዬ ኖሪያለሁ። ሰው ይቀድማል፤ ይህ አያጠራጥርም። ያ ሌሊት ቢመለስ ዛሬም አስረዋለሁ። ነገር ግን ሰው ስለሚቀድም ለእንስሳው ዕዳ የለብኝም ማለቴ ስሕተት ነው። ሁለት ዕዳ ያለበት ሰው ለአንዱ ቢከፍል የሌላው አይሰረዝለትም። በሬው አርሶ አብልቶኛል፤ ውሻው ደጄን ጠብቋል። ጦርነቱን እነሱ አላመጡትም።

ልጆቼ፣ የሚቆጨኝ ማሰሬ አይደለም፤ ጠፍሩ ነው። በሣር ገመድ ባስረው ኖሮ እስኪነጋ አኝኮ ይበጥሰው ነበር፤ እኛም ርቀን እንሄድ ነበር። ይህ የማንንም ነፍስ አደጋ ላይ አይጥልም፣ ሚስጥርም አያወጣም። በችኮላ አላሰብኩትም። ከዚያም በኋላ «ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

በ2023ቱ ጦርነት ሮኬት እየወረደ ላሞቻቸውን ሊያልቡ የተመለሱ ገበሬዎች ነበሩ። የምትታለብ ላም ሳትታለብ ከዋለች ጡቷ አብጦ ትሠቃያለች፤ ገበሬ የነበረ ያውቀዋል። ድመቷን የታቀፈችውም ሴት የማንንም ሰው ቦታ አልወሰደችም። ማሾፌ ለሷ ሳይሆን፣ የራሴን ጉድ ለመሸፈን ነበር።

እንዲህ ያለ ሌሊት አይድረስባችሁ። ከደረሰ ግን መጀመሪያ ሰውን አውጡ። ከዚያ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ያሰራችሁበትን ገመድ መለስ ብላችሁ እዩት።