ከምንጣፉ ስር

ጅማ ውስጥ፣ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ በማይለቅበት ሰፈር፣ አንዲት እናት ነበረች። ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው ለሳሎኗ የቪኒል ምንጣፍ፣ ሰዉ በተለምዶ ፕላስቲክ የሚለውን፣ ገዙላት። በሲሚንቶው ወለል ላይ በማስቲሽ ተለጠፈ፤ ዙሪያውን ዞኮሎ ተመታበት፤ ቤቱ አማረ።

ሴትየዋ አያያዝ ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት በለስላሳ መጥረጊያ አሸዋውን ታነሳለች፤ አሸዋ የፕላስቲኩን ፊት ይጭራልና። ከዚያ በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና ነክራ አጥብቃ የጨመቀችውን ጨርቅ ታሳልፍበታለች። ቡና ስታፈላ የከሰል ማንደጃው ወለሉን አይነካም። ቄጠማ የጎዘጎዘች እንደሆነ ሳያድር ትሰበስበዋለች። ጀርባው ጎማ የሆነ የእግር መጥረጊያ እንኳ በሯ ላይ አይነጠፍም፤ ጎማ ፕላስቲክን ቢጫ እንደሚያደርግ ሰምታለች። ጎረቤት ሁሉ «ቤት አያያዝ ከእሷ ነው» ይል ነበር።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ቤቱ እምክ እምክ ይል ጀመር። መጀመሪያ የልጆቹን እርጥብ ጫማ ጠረጠረች፤ ቀጥሎ ድመቷን። ዕጣን አጨሰች። በረኪና ጨምራ ወለወለች፤ ሽታው ሁለት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ በምንጣፉ ፊት ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ብቅ አለ፤ ብትፈትገውም አልለቅ አላት። በጓሮው ግድግዳ በኩል ፕላስቲኩ አበጠ። ልጆቿ አይተው «እማዬ፣ አታስቢ፤ ከላዩ ላይ አዲስ ደርበን እናነጥፍልሻለን» አሏት።

እሷ ግን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠራች። ሰውየው ገብተው የሚያብረቀርቀውን ወለል አላዩም። በጓሮው ግድግዳ በኩል ተንበርክከው ዞኮሎውን ነቀሉና የምንጣፉን ጥግ ገለጡ። ማስቲሹ ሟሙቶ ይለጠጣል፤ የምንጣፉ ጀርባ በሻጋታ ጠቁሯል።

«አባባ፣ እኔ እዚህ ላይ አንድ ቀን ውሃ አፍስሼ አላውቅም» አለች፤ አፍራ።

«አላፈሰስሽም፣ ልጄ። ውሃው ከላይ አልመጣም።»

አላመነቻቸውም። እሳቸውም ነገሩን በዓይኗ እንድታይ ፈለጉ። ከተገለጠው ሲሚንቶ ላይ ያለውን እርጥበት በጨርቅ አድርቀው፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ስስ ላስቲክ ዘረጉበት፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸጉና «እስከ ነገ እንዳትነኪው» ብለዋት ሄዱ። በማግስቱ ሲመለሱ የላስቲኩ ፊት ደረቅ ነበር፤ ከስሩ ግን ጠል ቋጥሯል።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጡ። አሸንዳው ተቀዶ የጣራው ውሃ ግድግዳው ስር ይወርዳል። ቦዩ በደለል ተደፍኗል። የጓሮው አፈር ከዓመት ዓመት ተከምሮ ከቤቱ ወለል በልጧል። ቤቱ ሲሠራ ደግሞ ከሲሚንቶው ስር እርጥበት የሚያግድ ላስቲክ አልተነጠፈም ነበር።

«ታዲያ ፕላስቲኩ ሳይመጣ በፊት፣ ወለሌ ባዶ ሳለ፣ ለምን አልሸተተም?»

«ያኔም ሲሚንቶው ከአፈሩ ውሃ ይመጥ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ግን እየተነፈሰ ያወጣዋል፤ አንቺም አታዪውም። ፕላስቲክን የወደድሽው ከላይ ያለውን ውሃ ስለማያስገባ ነው። ከስር ያለውንም አያስወጣም።»

«ቦዩን ላስጠርግና መልሰን እንለጥፈው?»

«መጀመሪያ ይድረቅ። ሳይደርቅ ከሸፈንሽው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።»

የሻገተው ምንጣፍ ተነሣ፤ ቦዩ ተጠረገ፤ አሸንዳው ተቀየረ፤ አፈሩ ተዝቆ ከወለሉ በታች ዝቅ አለ። መስቀል ሲመጣ እንግዳ የገባው ባዶና ዥንጉርጉር ሲሚንቶ ላይ ነበር። «ምነው?» ሲሏት «እየደረቀ ነው» ትላለች። ታኅሣሥ ላይ ያንኑ ላስቲክ ዘርግታ አሳደረችው፤ ስሩ ደረቅ ሆኖ አደረ። ልጆቿ አዲስ ምንጣፍ ያለ ማስቲሽ ዘረጉላት። ከዚያ ወዲህ በበጋ ጥጉን እየገለጠች ታያለች፤ ክረምት ሳይገባ ቦዩን ታስጠርጋለች።

ምሳሌው ይህ ነው። ምንጣፉ በብዙዎቻችን ቤት የምናውቀው ገመና መሸፈን ነው። የቤት ነገር ከቤት አይውጣ እንላለን፤ እውነት አለው፤ የጎረቤትን ምላስ ይከላከላል። ነገር ግን የውጭውን የሚያግድ ዝምታ የውስጡንም ያግዳል። በውርስ የተቀያየሙ ወንድማማቾች ቂም፣ ሳይነገር የቀረ በደል፣ ያልተለቀሰ ሐዘን፣ እየሳቅን ስለወለወልነው አይደርቅም። ሴትየዋ ሰነፍ አልነበረችም። ትጋቷ ሁሉ በሚታየው ፊት ላይ ነበር፤ ችግሩ ግን ከስር ነበር።

ያላለቀ ቂም ላይ «ተውት፣ ይቅር ተባባሉ» ብለን በአንድ ከሰዓት የምንፈጽመው እርቅ ደግሞ ልጆቿ ሊደርቡት ያሰቡት ሁለተኛው ፕላስቲክ ነው። ደግ ልብ ያሰበው ነው፤ ግን ሻጋታውን ያፋፋዋል። እውነተኛ ሽማግሌ መጀመሪያ ይገልጣል፤ ቀጥሎ ውሃው ከየት እንደመጣ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ምንጩን ከጠቡ ቦታ ርቆ፣ ማንም ካላሰበው ቦይ ውስጥ ያገኘዋል። በመጨረሻም ጊዜ ይሰጣል። ያ ጊዜ ያሳፍራል፤ እንግዳ ያያል፣ ይጠይቃል። «እየደረቀ ነው» ብሎ መመለስ ግን ነውር የለውም። ቤታችንን ከሰው ዓይን መጠበቅ መብታችን ነው፤ እርስ በርሳችን መገላለጥ ግን ግዴታችን ነው።