ሀራራና ነፃ ፈቃድ

ይፋትና ጫት የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ14ኛው መቶ ዘመን የይፋት ገዥ የነበረው ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ በዚያ ጫት እንደሚተክል መዛቱን የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይተርካል። ዛሬም በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው ቆላ፣ ፀሐይ ስትበረታ ከሾፌሩም ከተማሪውም፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን የሚቅም አይታጣም። እኛ የምናነሣው ጥያቄ ግን ስለ ቅጠሉ ሳይሆን ስለ ሰው ነው፤ ሀራራ የያዘው ሰው ለሚናገረውና ለሚያደርገው ተጠያቂ ነውን?

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኬሚካላዊ መልእክተኞች አማካይነት ነው። ከእነዚህ አንዱ ዶፓሚን ሲሆን፣ ደስ ያሰኘንን ነገር እንድንደግመው ይገፋፋናል፤ ኖርአድሬናሊን ደግሞ ንቃትንና የልብ ምትን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ከጫት ቅጠል ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን ሕዋሳቱ እነዚህን መልእክተኞች ከልክ በላይ እንዲለቁ ያደርጋል። ምርቃና የምንለው ይህንኑ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ የካቲኖኑ ኃይል ስለሚቀንስ ነጋዴው እርጥቡን በኮባ ጠቅልሎ በጥድፊያ ለገበያ ያደርሳል። የለመደ ሰው በሰዓቱ ሲያጣው ግን ድካም፣ ብስጭትና ጉጉት ይይዘዋል፤ ሀራራም ይኸው ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች «ጥፋቱ የኬሚካሉ እንጂ የሰውየው አይደለም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ፈቃደ ደካማ ነው» ብለው ይፈርዱበታል። የፊተኞቹ ሰውን ሥጋ ብቻ፣ የኋለኞቹ ነፍስ ብቻ ያደርጉታል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ከፈቃድ ቀድሞ የሚነሣ ብርቱ ስሜት የኃጢአትን ክብደት እንደሚያቀል አስተምሯል፤ ሆኖም የስሜቱን መነሻ ወዶ የፈጠረ ሰው ከተጠያቂነት ፈጽሞ እንደማያመልጥ ጨምሮ ገልጿል።

እንግዲህ ነፃነታችን በየሰዓቱ እኩል አይደለም። ጫት ባጣበት ቀትር ልጁን በቁጣ የሚያንባርቅ አባት በዚያች ደቂቃ የቀረው ነፃነት ጥቂት ሊሆን ይችላል። በእጁ ያለው ገንዘብ ለቤት አስቤዛ ወይስ ለጫት ይዋል ብሎ ጠዋት ሲያስብ የነበረው ነፃነት ግን ከዚያ ይሰፋል። ገና ያልጀመረው ወጣት ነፃነትማ ከሁሉ የሰፋ ነው፤ ስለዚህም «አንድ ጊዜ ቅመስ» ብሎ የሚጋብዘው ጓደኛ የኃላፊነቱ ተካፋይ ይሆናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሰውየውን በሀራራው ሰዓት አትገሥጹት፤ በተረጋጋበት ጊዜ አነጋግሩት። የቀትር በኋላ ሰዓቱን በምን ሊተካው እንደሚችል ከእርሱና ከቤተሰቡ ጋር ምከሩ፤ ካስፈለገም ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ። የጠበበውን ነፃነቱን መልሶ ለማስፋት የሰው እገዛ ያስፈልገዋልና።