ስለ ብርድ አገር ክረምትና ኋላ ስለሚመጣው መንገደኛ

የኢትዮጵያ ክረምት ጐረቤትን ከጐረቤት ይለያል። ወንዙ ሲሞላ ማዶ ያለው ዘመድ መስከረም እስኪጠባ ድረስ እንደ ሩቅ አገር ሰው ይቈጠራል። በሰሜን አውሮጳ ባለችው በፊንላንድ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። በዚያ በበጋ ሰውን ከሰው የሚለየው ሐይቅ በክረምት በብርድ ረግቶ እንደ ደንጊያ ይጠነክራል፤ በላዩም ሰው በእግሩ፣ ፈረስ ከነሸክሙ፣ በዛሬው ዘመን አውቶሞቢል ሳይቀር ይሄድበታል። በበጋ ሐይቁን ሲዞር ግማሽ ቀን የሚደክመው ሰው በክረምት በጥቂት ጊዜ ያቋርጠዋል። እንግዲህ ክረምቱ መንገድን ያሳጥራል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ለመሸበት ሰው ሞትን ያቀርብለታል።

ክረምት የሚለው ቃል አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለምና፣ በዚያ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በፊንላንድ ሰሜናዊ ጫፍ በኡትስዮኪ፣ ኅዳር ከተጋመሰ በኋላ የጠለቀች ፀሓይ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ተመልሳ አትወጣም፤ ይኸውም 50 ቀን ያህል ነው። ጊዜው ፈጽሞ ጨለማ ነው ማለት አይደለም። በቀትር ገደማ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ብርሃን ይለብሳል፤ በምድር ላይ የተነጠፈው በረዶም የጨረቃንና የከዋክብትን ብርሃን እየመለሰ ሌሊቱን ያነጣዋል። በስተደቡብ ባለችው በዋና ከተማዋ በሄልሲንኪ እንኳ በጣም አጭር የሆነው ቀን ስድስት ሰዓት አይሞላም። ብርዱን በሚመለከት፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በጃንዩዌሪ 28 ቀን፣ በኪቲላ አውራጃ ፖካ በተባለችው መንደር ከዜሮ በታች 51.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቷል። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) እንዲህ ባለው ብርድ የሰው እስትንፋስ በሽፋሽፍቱና በጢሙ ላይ ይረጋል፤ እርጥብ እጅ ብረት ቢነካ ቈዳው ከብረቱ ጋራ ተጣብቆ ይቀራል።

የአገሩ ሰው ግን ይህን ሁሉ ከአባቶቹ ስለ ተማረ አይደነግጥም። መስኮቱን በድርብ መስተዋት ይሠራል፤ በዚህ ክረምት የሚነደውን ማገዶ ባለፈው ክረምት ቈርጦ በበጋ ፀሓይ ያደርቀዋል። በብርድ አገር ድኽነት ማለት አስቀድሞ አለማሰብ ነው የሚሉ አሉ። አነጋገሩ ብልኀት ያለው ይመስላል፤ ግን ጨካኝ ነው፤ አስቀድሞ ያሰበ ሰውም በመንገድ ይሳሳታልና።

ብርድ በሰው አካል ላይ የሚሠራውን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ከእጅና ከእግር እየሰበሰበ ወደ ውስጥ ይመልሳል፤ ልብንና ሆድ ዕቃን ለማዳን ሲል ጣቶችን ለብርዱ አሳልፎ ይሰጣል። እንደ ጨካኝ ጌታ ከሩቅ ያሉትን አገልጋዮቹን ጥሎ በሩን ይዘጋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጣት አይታዘዝም፤ ክብሪት መጫርና ቍልፍ መፍታት አይቻልም። ብርዱ ከባሰ መንቀጥቀጡ እንኳ ይቆማል፤ አእምሮም ይደነዝዛል። በብርድ ሊሞቱ ከተቃረቡት ሰዎች አንዳንዶቹ ሙቀት የተሰማቸው መስሏቸው ልብሳቸውን አውልቀው ሞተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከሁሉ ኋላ የደረሰ መንገደኛ የደከመ ሰው ብቻ አይደለም፤ ራሱን ለመርዳት የሚያስፈልገውን እጅና አእምሮ ጭምር ብርድ የወሰደበት ሰው ነው።

በፊንላንድ ሰሜን በላፕላንድ፣ መንደር በሌለበት ዱርና ተራራ፣ በር ያልተቈለፈባቸው ትንንሽ ቤቶች ይገኛሉ። በአገሩ ቋንቋ አውቲዮቱፓ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም ነዋሪ የሌለበት ቤት ማለት ነው። ቤቱ ከግንድ የተሠራ ሆኖ በውስጡ የእንጨት መደብ፣ ምድጃ፣ መጥረቢያና መጋዝ ይገኙበታል። ዛሬ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ይጠብቃቸዋል፤ በውስጣቸው የሚያድረው ግን የመጣው ሁሉ ነው፤ አጋዘን ጠባቂ ቢሆን፣ አዳኝ ቢሆን፣ ከከተማ ለመናፈስ የወጣም ቢሆን። የቤቱም ሕግ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሚሄድ ሰው ለሚመጣው ሰው እንጨት ፈልጦ፣ ጭራሮ አዘጋጅቶ፣ ቤቱን ጠርጎ ይሂድ የሚል ነው። ጣቱ የደነዘዘው ሰው መጥረቢያ ማንሣት ስለማይችል፣ ሥራው አስቀድሞ እጁ በሞቀው ሰው መሠራት አለበት። ሁለተኛው ሕግ ግን የሚያስደንቅ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ መብት ያለው ከሁሉ ኋላ የመጣው ነው ይላል። ቤቱ ሞልቶ ሳለ ሌላ መንገደኛ ቢደርስ፣ አስቀድሞ ገብቶ ያረፈው ሰው ቦታ ይለቅለታል።

በዓለም ሁሉ የተለመደው ሥርዓት የዚህ ተቃራኒ ነው። በገበያ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገዛል፤ በችሎትም ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይሰማል። መሬትም ቢሆን አስቀድሞ ለያዘው ይጸናል። ታዲያ ይህ የበረሓ ቤት ሕግ ፍትሕ ነው ወይስ ፍትሕን የሚያፈርስ?

ተቃዋሚው እንዲህ ይላል። ቀድሞ የደረሰው ሰው ማለዳ ተነሣ፤ መንገዱን አጠና፤ እንጨቱን አነደደ፤ ምድጃው እስኪግል ድረስ ዓይኑ በጢስ እየተቃጠለ ተቀመጠ። ሙቀቱ የድካሙ ዋጋ ነው። ኋላ የመጣው ግን ምናልባት ተኝቶ አርፍዷል፤ ምናልባትም ያልሆነ ቦታ ተቀምጦ ሲጠጣ ውሏል። በትጉህ ድካም ሰነፍ ከሞቀ ነገ ማን ማልዶ ይነሣል? ይህ ክርክር የሞኝ ክርክር አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በልቡ የሚያምንበት ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ቀድሞ የደረሰውም ሰው ቢሆን ሲገባ ያገኘው የተፈለጠ እንጨት ነው። እርሱ በማያውቀው ሰው እጅ የተፈለጠ፣ በሌላ ዓመት ፀሓይ የደረቀ እንጨት ነው። ግንዱን አጋድሞ ቤቱን የሠራው ሌላ ነው፤ መጥረቢያውን የሳለውም ሌላ። የሙቀቱ መጀመሪያ እርሱ አይደለም፤ በዕዳ የገባ ሰው ደግሞ ከእርሱ በኋላ ለሚገባው ባለቤት ነኝ ሊል አይችልም። ደግሞም ቀድሞ የሞቀው ሰው ድርሻውን ተቀብሏል፤ ሙቀቱ በደሙና በጉልበቱ ውስጥ አለ። መደቡን ለቅቆ በወለሉ ላይ ቢቀመጥ ወይም ቀጥሎ ወዳለው ቤት ቢሄድ ይችላል። ኋላ የመጣው ግን ከደጃፉ ቢመለስ የሚሄድበት ኃይል የለውም። አንዱ የሚያጣው ምቾት ነው፤ ሌላው የሚያጣው ሕይወት ነው።

አንዳንዶች ሕጉን በሌላ መንገድ ያስረዳሉ። ዛሬ ቦታ የለቀቀ ነገ ይለቀቅለታልና ነገሩ ብድር ነው ይላሉ። ይህ ምክንያት ለብዙ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ግን ሙሉ አይደለም። ብርቱው፣ ጐልማሳው፣ መንገድ ዐዋቂው አዳኝ በዕድሜው ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ኋለኛ ሳይሆን ሊኖር ይችላል፤ ሕጉ ግን እርሱንም ያዝዘዋል። ብድሩን ከማይመልስለት ሰው ጋራ የሚያስረው ሌላ ነገር ነው።

የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ ሲጣራ በር የከፈተ ባላገር የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋራ ይዛመዳል። ሆኖም ልዩነት አለ። ባላገሩ የእንግዳውን ፊት ያያል፤ ምስጋናውን ይሰማል፤ ቢያንስ የሩቅ አገር ወሬ ይጠግባል። በበረሓው ቤት ግን እንጨት ፈልጦ የሄደው ሰው ማን እንደ ሞቀበት አያውቅም። የሞቀውም ሰው የሚያመሰግነው አያገኝም። ለዓይን እፍረት ቦታ የሌለው ልግስና ከልግስናዎች ሁሉ የሚከብደው ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ የሚነገረው አራት ወይም አምስት ሰዎች ስለሚያድሩበት ቤት ነው። ኋላ የሚመጣው ሰው አንድ ሳይሆን እልፍ ሲሆንስ? ፊንላንድ ይህን መከራ አይታለች። በ1867 ዓ.ም. ጸደይ እጅግ ዘገየ፤ በብዙ ቦታ ሐይቆቹ እስከ ጁን ድረስ በረዶ ለብሰው ቈዩ። ዘግይቶ የተዘራውም እኽል ሳይደርስ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ውርጭ መታው። ሕዝቡ የጥድ ቅርፊት ፈጭቶ ከዱቄት ጋራ እየቀላቀለ ጋገረ። በክረምቱም ቤተ ሰቦች ከነልጆቻቸው ልመና ወጥተው በበረዶው መንገድ ከቤት ወደ ቤት ተሰደዱ። ከ1866 እስከ 1868 ዓ.ም. በነበረው በዚያ የችግር ዘመን ከሕዝቡ ከመቶው ስምንት ያህሉ አለቀ፤ ይኸውም ከ100,000 ሰው በላይ ነው።

አብዛኞቹን የገደላቸው ረኀቡ ራሱ አይደለም፤ ከለማኞቹ ጋራ ከቤት ወደ ቤት የሄደው ተስቦና የመሳሰለው ወረርሽኝ ነው። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ያስረዳው በ1909 ዓ.ም. ነውና፣ በዚያ ጊዜ ያንን የሚያውቅ አልነበረም። ሰው የሚያየው፣ በሩን ከፍቶ ለማኝን ከምድጃው አጠገብ ያስተኛ ቤት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ መታመሙን ነው። እናት በሩን ስትከፍት የራሷን ልጆች ለሞት ትከፍት ይሆናል፤ ስትዘጋው ደግሞ የሌላይቱን እናት ልጆች በውጭ ታስቀራለች። በዚያ ክረምት በሩን የዘጋውን ሰው፣ ሞቆት በተቀመጠበት ክፍል ሆኖ ክፉ ነው ብሎ ለመፍረድ የሚደፍር ማን ነው?

ቢሆንም የመጪው መብት በውስጥ ባለው ሰው ፍርሃት ምክንያት አይሻርም፤ የሚለወጠው የሚጠየቀው ሥራ ነው። በዚያ አገር የገበሬ ግቢ ውስጥ ሳውና የሚባል መታጠቢያ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ይሠራል፤ የራሱ ምድጃም አለው። ለለማኙ ያንን ማንደድ፣ ምግቡንም ከደጃፉ ማስቀመጥ ከሙሉ መክፈትና ከሙሉ መዝጋት መካከል ያለ ሦስተኛ በር ነው። ለእንግዳው የሚነድ ማገዶና የሚያነድድ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ይህ ይቻላል። ፍርሃት ግን ሁለት በር ብቻ ያሳያል።

በፊንላንድ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ከእንጨት የተቀረጸ የለማኝ ምስል ቆሟል፤ በደረቱ ላይ ገንዘብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። በአሠራሩ የሚያምር፣ ለድኾችም የጠቀመ ነገር ነው። ግን የእንጨት ለማኝ አይበርደውም፤ በሽታም አያመጣም፤ ልግባ ብሎም አይለምንም። ለእርሱ የሰጠ ሰው በጎ አድርጓል፤ የተፈተነ ግን አይምሰለው።

የአገሩ ሰው ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ያውቃል። እንጨቱ ነድዶ ፍሙ ሲቀር፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ የጢሱ መውጫ በብረት መዝጊያ ይዘጋል። ሙቀቱን ለማትረፍ የሣሣ ሰው ፍሙ ሳይጠፋ ቸኩሎ ቢዘጋው፣ ሽታና መልክ የሌለው መርዝ በክፍሉ ይሞላና የተኙት አይነቁም። በዚህ መንገድ ያለቁ ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ የገደላቸውም ውጭ ያለው ብርድ አልነበረም።

በከተማ ያለው ጥያቄ ከበረሓው ይልቅ ውስብስብ ነው፤ በከተማ በር ሁሉ ቍልፍ አለውና። ቀድሞ በሄልሲንኪ በመጠጥ ምክንያት ቤቱን ያጣ ሰው ቤት የሚሰጠው መጀመሪያ መጠጡን ሲተው፣ ጠባዩንም ሲያሳምር ነበር። ሙቀት የመልካም ጠባይ ሽልማት ሆኖ ነበር ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. መንግሥቱ ይህን አሳብ ገለበጠው፤ ቍልፉ መጀመሪያ ይሰጥ፤ ሕክምናውና ምክሩ ከዚያ በኋላ ይከተል ተባለ። የተሰጠውም ሰው ኪራይ የሚከፍልበት እውነተኛ ቤት ነው። በተከታዮቹ ዓመታት በውጭ የሚያድሩ ሰዎች ቍጥር በጣም ቀነሰ። ይህን አሳብ ያወጡት ሰዎች ስለ በረሓው ቤት አስበው ይሁን አይሁን ለዚህ ነገር ቍም ነገሩ አይደለም። አሳቡ አንድ ነው፤ በጣቱ መደንዘዝ ምክንያት ክብሪት መጫር የማይችለውን ሰው፣ አስቀድመህ እሳት አንድደህ አሳየኝ ማለት አይገባም።

በላፕላንድ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በሩ ይንኳኳል እንበል። በመደቡ ላይ የተኙት አራቱ ሰዎች ማለዳ ብዙ መንገድ ይጠብቃቸዋል፤ እንቅልፋቸውም ጣፋጭ ነው። በሩ ቍልፍ ስለሌለው ይከፈታል፤ ከመንገደኛው ጋራ ነጭ ብርድ ይገባል፤ አንዱም በእንቅልፍ ልቡ ያጕረመርማል። ቀድሞ የደረሰው ግን ተነሥቶ የሞቀውን ቦታውን ይለቃል፤ ስለ ምን እንደ ዘገየ አይጠይቀውም። የመንገደኛውን ጫማ ይፈታለታል፤ ከምድጃውም ላይ ሁለት ፍልጥ ይጨምራል። ሲነጋ ደግሞ፣ ሁሉ ለመንገድ ሲሰናዱ፣ ጣቶቹ የተመለሱለት ያው የሌሊቱ እንግዳ መጥረቢያውን አንሥቶ ይወጣል፤ ጭራሮውንም በምድጃው አፍ አጠገብ ይደረድራል።